«ለልጄ የአሜሪካ ስኮላርሺፕ ወኪል ልክፈል?»

ጥያቄው፦ «የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል ሳይንስ። ከክፍሏ ከ3ኛ በታች ወጥታ አታውቅም። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፣ አሜሪካ ስኮላርሺፕ አግኝታ። ሜክሲኮ አካባቢ ያገኘነው ወኪል ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አለን፣ መቶ በመቶ እናስገባታለን፣ ኤሴዩንም፣ ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ድርሰት፣ እኛ እንጽፋለን፣ 25 ቦታ እናመለክታለን ብሎ 180 ሺህ ብር ጠየቀን። 30 ሺህ ቀብድ ከፍለናል። ኢሜይልም እነሱ ከፍተውላታል። ልጄ ውጭ ከሄድኩ ማትሪክ ምን ያደርግልኛል ማለት ጀምራለች። አባቷ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሕልም ነው፣ እዚሁ ትማር ይላል። ቀሪውን ልክፈል?»

አይክፈሉ። ቀብዱ ቢቀርም ቀሪውን 150 ሺህ አይክፈሉ። ረዘም አድርጌ የምጽፈው ጥያቄዎ ውስጥ አራት አምስት የተሳሳተ ነገር ስለተደራረበ ነው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ በዚህ ከተማ ልጅ ያለው ሁሉ የሚሰማው ወሬ ነው።

«መቶ በመቶ» ከሚለው ልጀምር። ማን ይግባ ማን ይቅር የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ኮሚቴ ነው። ሜክሲኮ ቢሮ የከፈተ ሰው እዚያ ድምፅ የለውም። «ውል አለን» ሲሉ ግን ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ውል ያላቸው አሉ። ሰው የማያውቀው የውሉን ይዘት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከፍሎ የሚማር ተማሪ ላመጣለት ወኪል ኮሚሽን ይሰጣል፣ ተማሪው ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ። እንዲህ ዓይነት ውል የሚገቡት ከፋይ ተማሪ የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሙሉ ወጪ ሸፍነው የሚያስተምሩት በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር አመልካች በራሱ ጊዜ ስለሚጎርፍላቸው ለወኪል የሚከፍሉበት ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ ወኪሉ ልጅዎን የሚወስዳት ውል ወዳለው ቦታ ነው፣ እዚያ ደግሞ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

«ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ብዙ ቤት አስለቅሷል። ደብዳቤው ላይ «100 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ» ተብሎ ሲጻፍ ለአራት ዓመት ነው፣ በዓመት 25 ሺህ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ወጪ ከነምግቡና ከነማደሪያው በዓመት 60 ሺህ ከሆነ ቀሪው 35 ሺህ ዶላር ከቤተሰብ ይጠበቃል። በየዓመቱ። ያንን ገንዘብ በባንክ ማስረጃ ካላሳዩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን ወረቀት አይሰጥም። ያለ እሱ የቪዛ ቀጠሮ ትርጉም የለውም። ታዋቂ በሚባሉት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ ወጪው ከ80 ሺህ ዶላር አልፏል፣ እዚያ ግማሽ ስኮላርሺፕ ለእኛ ምንም ማለት አይደለም።

ይሄን የተማርኩት በሰው ልጅ ላይ ነው። ተማሪዎችን የማማከር ሥራዬን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጎበዝ ልጅ እረዳ ነበር፣ አባቱ ታክሲ ነጂ። ደብዳቤው መጣ፣ በዓመት 24 ሺህ ዶላር። እናቱ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፣ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ወጪ 58 ሺህ ነበር። ከማመልከቱ በፊት ቁጭ ብዬ ማስላት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አላሰላሁም። ልጁ በዚያ ተስፋ ለማትሪክ በወጉ ሳይዘጋጅ ቀረ፣ ሁለቱም አመለጡት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤተሰብ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በዓመት ስንት ትችላላችሁ?» ነው። እርስዎም ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ይህንን ቁጥር ይቁረጡ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ነው፣ አያፍሩበት፣ ዝርዝሩ የሚሠራው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ የሚያመለክቱበት ቦታ ይጠባል፣ ግን አለ። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ከውጭ አገር የመጣን አመልካች ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፣ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ ከሚችለው በላይ ያለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት እዚህ ውስጥ ናቸው። ችግሩ መግባቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበሉም። ሌሎች ደግሞ ሲመርጡ አቅምን ከግምት ያስገባሉ፣ ከተቀበሉ ግን የጎደለውን ይሞላሉ። ሴት ልጅ ላላት ቤተሰብ ሁልጊዜ የማነሳቸው ሦስት የሴቶች ኮሌጆች አሉ፣ ዌልስሊ፣ ስሚዝ እና ማውንት ሆልዮክ። ግሪኔልና ማካሌስተርም እንደዚሁ ናቸው። እዚህ ከተማ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ ትምህርታቸው ግን በጣም ጠንካራ ነው። ኬንታኪ ያለው በሪያ ኮሌጅ ደግሞ ማንንም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው እየሠራ ይማራል፣ ከውጭ አገር ለተቀበላቸው የመጀመሪያ ዓመት ወጪም ሙሉ ድጋፍ ይሰጣል። ለማመልከትም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከአሜሪካ ውጭም አለ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ጥር መጀመሪያ ተከፍቶ የካቲት አጋማሽ ገደማ ይዘጋል፣ ማመልከቻው ነጻ ነው። ለአብዛኛው ትምህርት 70 ከመቶ፣ ለሕክምና ግን 90 ከመቶ ውጤት ይጠይቃል። የሃንጋሪ መንግሥትም ይሰጣል። ጋና ያለው አሼሲ ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን በኩል ሙሉ ወጪ የሚሸፍንላቸው አፍሪካውያን ተማሪዎች አሉ። «ውጭ» ሲባል አሜሪካ ብቻ የሚመስለን ነገር ብዙ በር ይዘጋብናል።

አሁን ሕክምናው። ይሄን ማንም ያልነገራችሁ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና ተወዳድሮ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ ስፔሻላይዜሽን። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ስኮላርሺፕ ቢገኝ እንኳ ለሁለተኛው ደረጃ የውጭ ዜጋን ተቀብሎ ወጪውን የሚሸፍን የሕክምና ትምህርት ቤት በጣም ጥቂት ነው። ልቧ በእርግጥ ሕክምና ላይ ከሆነ ጥቁር አንበሳ ከሃርቫርድ ይልቅ ቀጥተኛ መንገድ ነው። ስለዚህ አባቷ የተናገሩት እንደ ሕልም መግደል አይቆጠርባቸው፣ ግማሹ ልክ ነው። ባዮሎጂ ወይም የምርምር ሥራ ከሆነ የምትፈልገው ግን ሌላ ነው። ይሄን እርስዎ አይወስኑላትም። ቁጭ አድርገው ይጠይቋት፣ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጧት።

ማትሪኩን ትተዋለች የሚለው ነገር ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነበሩ። ከክፍል አንደኛ የሚወጡ ልጆች የወደቁበት ፈተና ነው፣ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ብሎ መተው አይቻልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ማትሪኩን ያለፈን ተማሪ ዩኤቲ በሚባል የራሱ መግቢያ ፈተና ይመርጣል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የመግቢያ ፈተና አላቸው። እዚህም ማመልከት የሚባል ሥራ አለ ማለት ነው፣ ድሮ እንደነበረው ምደባ ብቻ መጠበቅ ቀርቷል። ውጭ ያሉትም ቢሆኑ ቅድመ ተቀባይነት ከሰጡ በኋላ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ውጤት ላኪ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች የሚጋጩ የሚመስሉት በቀን መቁጠሪያቸው ነው። የአሜሪካ ቀደም ብሎ የሚላከው ማመልከቻ ጥቅምት 22 ገደማ ይዘጋል፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ገደማ፣ ማለትም ልጅዎ 12ኛ ክፍልን ገና ሳታጋምስ። የመደበኛው መልስ መጋቢት ላይ ይመጣል። ማትሪኩ ከዚያ በኋላ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ገብታ ልጀምር ካለች ማመልከቻው ጥናቷን ይበላዋል። ኤሴይና ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የመግቢያ ፈተና የክረምት ሥራ ናቸው፣ የዘንድሮው ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ። መስከረም ላይ ረቂቁ አልቆ፣ ጥቅምትና ኅዳር ማረም ብቻ ሊቀር ይገባል። ታኅሣሥ 23 ካለፈ ኮምፒውተሩን ዘግታ ሙሉ በሙሉ ወደ ማትሪክ። ደግሞ የመጨረሻው ሰዓት 11፡59 ሲባል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 5፡59። መብራት በጠፋበት ማታ ያለቀሱ ልጆች አውቃለሁ፣ ከሳምንት በፊት ይላክ።

«ኤሴዩን እኛ እንጽፋለን» የሚለው ብቻውን ውሉን ለማፍረስ በቂ ነው። ልጅዎ ማመልከቻውን ስትልክ «ይህ የራሴ ሥራ ነው» ብላ ትፈርማለች። ካልሆነ ከገባችም በኋላ ሊሰርዟት ይችላሉ። ከዚያም በላይ የወኪል ኤሴይ ያስታውቃል። «ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን ማገልገል እመኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል፣ ድህነት ይገባበታል፣ መጨረሻው ላይ ሕልም። በአንድ ቀን በአሥሮች የሚቆጠር ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ይሄን ስንት ጊዜ አይቶታል። እኔ ጋ ከመጡት አንዷ የጻፈችው ስለ ውሃ ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳች የመጣበትን ሰዓት መዘገበች፣ ከዚያ ግምቷን ወረቀት ላይ ጽፋ ደረጃው ላይ ለጠፈችው። ጎረቤቶቿ በዚያ መነሳት ጀመሩ። አንድ ሳምንት ስትሳሳት ደግሞ እንዴት እንደተቆጧትና እንዴት እንዳስተካከለችው ጻፈች። በ650 ቃል ያ ብቻ ነበር፣ እንግሊዝኛውም ቀላል። ያቺን ልጅ ሳላያት አወቅኳት። የእርስዎም ልጅ እንደዚህ ያለ ነገር አላት፣ ወኪሉ ግን ሊያውቀው አይችልም። ረቂቁን እርስዎ ወይም መምህሯ አንብቡላት፣ ያልገባችሁን ጠይቋት፣ እስክሪብቶውን ግን አትንኩባት።

ከትምህርት ውጭ ስለምትሠራው ሥራም እንዲሁ ነው። በዘመቻ የተሰበሰበ ሰርተፊኬት አያስፈልግም። ሚኒ ሚዲያ ላይ ሁለት ዓመት ዜና ካነበበች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ካስተማረች፣ ወይም ታናናሾቿን ስታስጠና ከኖረች ይቆጠራል። ቤት ውስጥ የምትሸከመው ኃላፊነትም ይጻፋል፣ ቅጹ ራሱ ቦታ አለው።

ትምህርት ቤቱ ጋ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፣ ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ሁለት መምህራን ደብዳቤ ይጽፉላታል። መምህሩ 60 ተማሪ ክፍል ውስጥ አሉት፣ ሲጠየቅ «ጎበዝ፣ ትሑትና ታዛዥ ናት» ይላል፣ ያ ደግሞ ማንንም አያስገባም። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ መምህሩ ይፈርምበት የሚባለው የተለመደ ነገር ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ እንዳታደርገው። የሚሻለው ከክረምቱ በፊት መምህሩን አክብራ መጠየቅና አንድ ገጽ ማስታወሻ መስጠት ነው፤ በእርሱ ክፍለ ጊዜ ምን ጥያቄ ጠይቃ እንደነበር፣ የትኛው ቤተ ሙከራ ላይ ተሳስታ እንዴት እንደደገመችው። መምህሩ ደብዳቤውን ራሱ ነው የሚልከው፣ በኢሜይሉ በሚደርሰው ሊንክ። የካውንስለሩን (የተማሪ አማካሪውን) ቅጽ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ካውንስለር ከሌለው ዩኒት ሊደሩ ወይም ርዕሰ መምህሩ መሙላት ይችላሉ። ትራንስክሪፕቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሁን፣ ደረጃዋ ከስንት ተማሪ እንደሆነ ይጻፍበት።

ስሟን ይመልከቱ። ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የማትሪክ ምዝገባ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው? አንዱ ላይ በ«ቲ ኤስ» ሌላው ላይ በ«ቲ ዜድ» የተጻፈ ስም ወራት ይፈጃል። የትውልድ ቀኗም ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ፓስፖርት ከሌላት አሁን ይጀመር፣ ለኤስኤቲም ሊፈለግ ይችላል።

የ25ቱ ዩኒቨርሲቲ ነገር አጭር ነው። ብዛት ዕድል አይጨምርም። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጽሑፍ አለ፣ 25ቱን በደንብ መጻፍ አትችልም፣ ማትሪክ ያለባት ልጅ ደግሞ ጭራሽ። 8 ይበቃል፣ ሁሉም ሙሉ ወጪ የመሸፈን ልምድ ያላቸው። ሁለቱ በጣም ከባዶቹ፣ የቀሩት ከውጤቷ ጋር የሚቀራረቡ።

ብዙ ቤተሰብ ወኪል ዘንድ የሚሄደው ግን ለምክር አይመስለኝም። ዶላር መክፈያ ካርድ ስለሌለው ነው። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። ኤስኤቲ በዶላር ይከፈላል፣ ማመልከቻም ብዙ ቦታ ከ50 እስከ 90 ዶላር ይጠይቃል። የማመልከቻውን ክፍያ ግን መክፈል ለማይችል ተማሪ የሚተዉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፣ ካልሆነም ለመግቢያ ቢሮው አጭር ኢሜይል ትጻፍ። ለቀረው ውጭ ያለ ዘመድ ወይም የባንክዎን የዶላር ካርድ ይጠይቁ። ዝግጅቱ ነጻ ነው። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኤስኤቲ ልምምድ አለ፣ የፈተናው ባለቤት የኮሌጅ ቦርድ መተግበሪያ ብሉቡክም ሙሉ የመለማመጃ ፈተና ይሰጣል። እዚያው ሠፈራችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ኢንተርኔቱም ጸጥታውም። ለምክር ደግሞ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሠራል፣ በኤምባሲው በኩል ይጠይቁ። እዚያ ኤሴይ አይጽፉላትም፣ የትኛው ኮሌጅ ምን እንደሚሰጥ ግን ይነግሯታል።

የገንዘብ ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ወላጆች ናችሁ። ገቢያችሁን እንዳለ ጻፉ። ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ ይያያዛል፣ በንግድ ከሆነ የግብር ወረቀት። አንዳንዱ ቤተሰብ «ድሃ ናቸው ብለው እንዳይጥሏት» ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ስትገባ የሚጠየቀው ያጋነነውን ያህል ነው።

ይሄን ሁሉ በትክክል አድርጋም ላትገባ ትችላለች። በጣም ጎበዝ ልጆች ስምንቱም ቦታ እንቢ ሲባሉ አይቻለሁ። ብትገባም ቪዛው የኤምባሲው ብቻ ውሳኔ ነው፣ ሕጉም ይቀያየራል። «ቪዛ ውስጥ ሰው አለን» ያለዎት ሰው ካለ ከዚያ ይራቁ። ለዚህም ነው ማትሪኩን አትተውም የምለው፣ ዩኤቲንም ትፈተን። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ማመልከት ትችላለች፣ ብዙ ኮሌጆች ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ያለፈውን ተማሪ ይቀበላሉ።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ሥራ አለዎት። የከፈቱላትን ኢሜይል የይለፍ ቃል ይቀበሉና ትቀይረው፣ አይሰጡም ካሉ በራሷ ስልክ አዲስ ትክፈት። የተቀባይነት ደብዳቤ የሚመጣው እዚያ ነው፣ ደብዳቤውን ይዘው ቀሪ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ዋናው ትራንስክሪፕት ወይም የልደት ሰርተፊኬት እነሱ ጋ ከቀረ ይዘው ይውጡ። የቀብዱን ደረሰኝና የፈረሙትን ውል ይዘው ይሂዱ፣ ሥራ ካልጀመሩ እንዲመልሱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ባለቤትዎም አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው።